የቡሬው ባል ቀለብ ጠየቀ

በፍርድ ቤቱ አጥር ሥር ሸራ ወጥሬ ማመልከቻ መጻፍ ከጀመርኩ ስንት ዓመት እንደሆነኝ ብትጠይቁኝ በቁጥር አልመልስላችሁም። ሦስት የጽሕፈት መኪና ቀብሬአለሁ፤ አሁን ሁለተኛዋን ላፕቶፕ እያስታመምኩ ነው። ቀሪውን እናንተ ድረሱበት። በዚህ ሁሉ ዘመን ታዲያ አንድ ነገር ሲገርመኝ ኖሯል፤ አንድም በዳይ መጥቶ ከፊቴ ካለችው በርጩማ ላይ ተቀምጦ አያውቅም። የሚመጣው ሁሉ ተበዳይ ነው። ድንበሩ የተገፋ፣ ቡናው ሌሊት የተለቀመበት፣ በወንድሙ የተካደ፣ ጎመኑን የጎረቤት ዶሮ የጨረሰበት። የመቱ ዝናብ ሸራዬን እየደበደበው፣ እኔም የሰውን በደል በኦሮምኛ እየደረደርኩ (ፍርድ ቤታችን የሚሠራው በኦሮምኛ ነውና)፣ አንዳንዴ ቀና እልና አስባለሁ። በመቱ ዙሪያ፣ ከሁሩሙ እስከ ቡሬ ያለው ሰው በሙሉ ተበዳይ ከሆነ፣ በዳዮቹ የት ነው የሚኖሩት?

አንድ ሐሙስ መልሱን አገኘሁት። አንደኛዋ እኔው ቤት ነው የምትኖረው።

ነገሩን ከሥሩ ላምጣው። ተክሌ እባላለሁ፤ የመቱ ሰው ጋሽ ተክሌ ይለኛል። እስከ ሃምሳ ዓመቴ ድረስ ወንደላጤ ነበርኩ። አትፍረዱብኝ። ጠዋት የሰው ፍቺ ሲጽፍ አርፍዶ ከሰዓት በኋላ ለራሱ ሚስት የሚፈልግ ጀግና ካለ አሳዩኝ። አንድ ክረምት ግን ሳል ያዘኝና፣ ገበያ ውስጥ ማር ከምትሸጥ ብርቅነሽ ከምትባል ሴት ሱቅ ነጭ ማር ልገዛ ሄድኩ። ሳሉ በሳምንቱ ለቀቀኝ። እኔ ግን ሁለት ዓመት ሙሉ እየሳልኩ ተመላለስኩ። በመጨረሻ "ጋሽ ተክሌ፣ ይኼ ሳልዎ በማር የሚለቅ አይመስለኝም" አለችኝ። ያን ዕለት ያለ የሌለ ሙያዬን አሟጥጬ አንድ ገጽ ተኩል ደብዳቤ ጻፍኩላትና ተጋባን።

ብርቄ ቀድሞ ቡሬ ላይ ባል እንደነበራት አልደበቀችኝም። ልጅ አልወለዱም፤ በስምምነት ተፋትተው፣ ያለችውን ተካፍለው ነው የተለያዩት። ስለ ሰውየው እኔ የጠየቅኳት ነገር አንድ ብቻ ነው።

"በሕይወት አለ?"

"አለ፤ ግን እግሩ ወደዚህ አይመጣም።"

በዚህ ረክቼ አራት ዓመት በሰላም ኖርኩ።

ወደዚያ ሐሙስ ልመለስ። ዝናቡ ጋብ ሲል አንድ ምርኩዝ የያዘ ሰው ከባጃጅ ወረደ። ወረደ ስላችሁ ቶሎ እንዳይመስላችሁ። መጀመሪያ ባለባጃጁን ጉንጩን ስሞ ተሰናበተ፤ ቀጥሎ የፍርድ ቤቱን ዘበኛ ጤንነቱን ጠየቀ፤ ከዚያ ተራ ይጠብቁ የነበሩ ሁለት ባልቴቶችን አጽናና። እኔ ጋ ሲደርስ የግማሹን ሰው ቤተሰብ አውቆ ጨርሷል።

"ጋሼ፣ አካም ቡልተን? እንዴት አደሩ? ስለ ቀለብ ነበር የመጣሁት።"

"የልጅ ቀለብ?"

"ልጅስ የለኝም። የራሴን ነው።"

"ከማን?"

"ከቀድሞ ሃደ መናዬ።"

በኦሮምኛ ሚስት "የቤት እናት" ናት። እናት ደግሞ ብትርቅም ማብላቷን አትተውም ብሎ ያመነ ይመስላል ሰውየው። እኔ ሚስት ባሏን ቀለብ ስትጠይቅ እንጂ፣ የተፈታ ባል ሚስቱን ሲጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። የማውቀው ሕግም ለፈታ ባል ምሳ አይቋጥርም። ቢሆንም ታሪክ ከጀመረ ሰው አላቋርጥም። ደንቤ እንዲህ ነው፤ ታሪክ ይቀድማል፣ ስም ይከተላል። ሰውን መጀመሪያ ስሙን ከጠየቃችሁት ፎቶ ቤት እንደገባ ሰው ደርቆ ይቀራል። ታሪኩን ካስቀደማችሁት ግን እንደ ምንጭ ውኃ ይወርድላችኋል።

ወረደልኝ። ሰውየው ቡሬ ላይ ምግብ ቤት ነበረው። እሷ ጓዳ፣ እሱ ደጃፍ ሆነው አሥራ አንድ ዓመት ሠሩ። ምግብ ቤቱ ተዘጋ፤ ትዳሩም ተከተለው። እሱ ወደ አባቱ ቀዬ ተመልሶ ጫካ ውስጥ ቀፎ መስቀል ያዘ። አንድ ቀን ከረጅም ዛፍ ላይ ቀፎ ሲያወርድ ገመዱ ተበጠሰና ከነቀፎው ወረደ። ሐኪም እግሩን ጠገነለት፤ ዛፍ ላይ መውጣት ግን ከዚህ በኋላ አይታሰብም አለው።

"አሁን የወንድሜ ሚስት ናት የምታበላኝ" አለ። "ክፉ አይደለችም። አንድም ቀን አልተናገረችኝም። ብቻ ጋሼ፣ ሰሃኑን ስታስቀምጥልኝ ድምፁን እሰማዋለሁ።"

እዚህ ላይ እጄን ከላፕቶፑ አንስቼ መነጽሬን ጠረግኩ።

"ሴትዮዋ ደግሞ መቱ ላይ ትልቅ ነጋዴ ሆናለች። አንድ ሽማግሌ አግብታለች አሉ።"

"ምስኪን" አልኩ፣ ለሽማግሌው አዝኜ።

ከዚያ ጻፍኩ። እንዴት አድርጌ ጻፍኩ! "ዝናብ እንደመታው የቡና አበባ ፍሬ ሳልይዝ ረግፌ ቀረሁ" ብዬ ጀመርኩ። "አዲሱን ባሏን በሥጋና በቅቤ እያወፈረች፣ የወጣትነት አጋሯን ለሰው ሰሃን አሳልፋ ሰጠችው" ብዬ ቀጠልኩ። ማወፈሩን እሱ አልነገረኝም፤ ከራሴ ነው የጨመርኩት። ጥሩ ጸሐፊ ቅመም አይሰስትም። ጮክ ብዬ ሳነብለት እሱም አለቀሰ፣ እኔም አለቀስኩ፣ ተራ የሚጠብቁት ባልቴቶችም አገዙን።

"በሉ፣ የእርስዎ ስም?"

"ለሜሳ።"

"የተከሳሽ ሙሉ ስም?"

የሚስቴን ስም ከነአባቷ ነገረኝ።

"ሥራ?" አልኩ፣ አንድ ሌላ ብርቅነሽ ከአንድ ሌላ አባት ጋር ተገጣጥማ እንደሆነ በሚል ተስፋ።

"ማር ነጋዴ። ገበያው ውስጥ።"

ዶሮ ጭራ ጭራ አወጣች ካራ የሚሉት ይኼኔ ነው። ድምፄ ቀጥኖ "ባሏን ያውቁታል?" አልኩት።

"አይቼው አላውቅም። ጥሩ ሰው ነው ይላሉ" አለኝ፣ ያለ አንዳች ቂም።

ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። እንግዲህ ያኔውኑ "ሽማግሌው እኔ ነኝ" ማለት ነበረብኝ። አላልኩም። ለምን ብትሉኝ፣ ነገሩ ቤቴን ነካ ብዬ የባለጉዳይ ማመልከቻ ብቀድ ከነገ ጀምሮ በምን ፊቴ እዚያ አጥር ሥር እቀመጣለሁ? ይኼ ግማሹ እውነት ነው። ሌላው ግማሽ ፍርሃት ነው። ማመልከቻውን ኮፒ ቤት ልኬ አሳተምኩለት፤ ፈረመ፤ የጽሑፍ ዋጋ አልቀበልም ስለው እጄን በሁለት እጁ ይዞ "ረቢ፣ ፈጣሪ ቤትዎን ያቁምልዎ!" ብሎ መረቀኝ። ቤቴን ካፈረስኩ ገና አምስት ደቂቃ አልሆነኝም።

መጥሪያው በሳምንቱ ምሳ ላይ ስንሆን ደረሰ። ብርቄ እጇን ታጥባ፣ ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዙራ ማንበብ ጀመረች። መጀመሪያ ፊቷ ቀላ፤ ቀጥሎ ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ከዚያ ተናደደች።

"ለሜሳ እንዲህ መናገር አይችልም። ማነው የጻፈለት?"

"አይ፣ ጸሐፊ መቼ ጠፋ" አልኩ ወደ ወጡ እያየሁ።

"እጁን ቁርጥማት... ኧረ እጁስ ጥሩ ነው፤ ልቡን ነው እንጂ!"

እንደገና ከላይ ጀምራ አነበበች። የቡና አበባው ላይ ስትደርስ ቆመች። ተነስታ ከቁም ሳጥኑ ውስጥ አንድ ፖስታ አወጣች። የኔ ደብዳቤ ነው፤ ያ አንድ ገጽ ተኩሉ። ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋቻቸው።

"ለእኔ በአማርኛ፣ ለለሜሳ በኦሮምኛ" አለች። "ያኔም ዝናብ የመታህ የቡና አበባ ነበርክ። ስንቴ ነው የሚመታህ ተክሌ?"

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የጽሑፍ ወለምታማ በማርም አይታሽ። ሁሉንም ተናዘዝኩ። እሷ ሁለት ቀን ሙሉ ምግብ ባቀረበች ቁጥር ቅቤውን በላዬ ላይ እንደማፍሰስ እያደረገች "ወፈር በል እንጂ፤ በማስረጃነት ልትቀርብ ነው" ትለኝ ነበር። የማታውቁኝ ካላችሁ፣ እኔ ንፋስ ሲነፍስ ምሰሶ የምይዝ ቀጫጫ ነኝ።

በሦስተኛው ቀን ላፕቶፔን አምጥታ ፊቴ አስቀመጠች።

"መልሱን አንተ ነህ የምትጽፈው። ከክሱ ካነሰ ወየውልህ።"

ጣቶቼን አፍታታሁ። ቅናትም እንዳለብኝ አልደብቃችሁም፤ ስለ አንድ ግፈኛ ባል በምሬት ልጽፍ ተዘጋጅቼ ነበር። "በይ ንገሪኝ፤ ምን በደለሽ?"

ወንበሯን ወደ እኔ አስጠጋች። "ጻፍ" አለችኝ። "ደግ ሰው ነው።"

"ይኼ እኛን አይጠቅመንም።"

"የጠየቅኩህን ጻፍ። ማር የመለየት ሙያ ያስተማረኝ እሱ ነው። ስኳር የነካውን ማር ምላሱ ጫፍ ላይ አድርጎ ያውቀዋል። የትኛው አበባ እንደሆነ፣ የትኛው ጫካ እንደሆነ ይነግርሃል። ዛሬ ሱቅ የከፈትኩት እሱ በሰጠኝ ምላስ ነው።" ድምፅዋ ሰለል አለ። "ከዛፍ መውደቁን እንኳ አልሰማሁም ነበር።"

ጽፌ ስጨርስ መልሱ መልስ አልመስል አለኝ። ተከሳሿ ከሳሹን ታመሰግናለች። ከመጨረሻው ላይ ግን ለወጉ ያህል "ክሱ ውድቅ ይደረግልኝ" የምትል መስመር ሰካሁባት። ብርቄ አየቻት፤ ልትሰርዛት እጇን ዘረጋች፤ ከዚያ ተወቻት።

የቀጠሮው ቀን ዳኛዋ፣ ገና ወጣት ናቸው፣ ክሱን አነበቡ፣ መልሱን አነበቡ፣ እንደገና ክሱን አነበቡ።

"ይኼን ሁለቱንም የጻፈው አንድ ሰው ነው?"

ከኋላ ወንበር ተነሳሁ። መቱ ከተማ የማያውቀኝ የለምና አዳራሹ በሳቅ ሞላ። ዳኛዋ ሳቃቸውን በወረቀቱ ሸፍነው "ለማን ነው የቆሙት?" አሉኝ።

"እኔ... የተከሳሿ ባል ነኝ፣ ክብርት ዳኛ።"

ለሜሳ በምርኩዙ ዞሮ አየኝ። ይኼኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ አመሰግናት ነበር። "ጋሼ!" አለ። "ሽማግሌው እርስዎ ነዎት?"

"ሽማግሌው እኔ ነኝ።"

ይሰድበኛል ብዬ ስጠብቅ፣ ሰውየው እንባው እስኪፈስ ሳቀ። "እንዲያ አሳምረው የጻፉልኝ በራስዎ ላይ ነው?" አለና ወደ ዳኛዋ ዞሮ "ክብርት ዳኛ፣ ጥሩ ሰው ነው ሲሉኝ እውነታቸውን ነው" ብሎ መሰከረልኝ። ብርቄ እንኳ ወደ ግድግዳው ዞራ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር፤ በለቅሶ እንዳልሆነ አውቃለሁ።

ዳኛዋ፣ በዚህ ነገር ቀለብ ለመቁረጥ ሕጉ መንገድ እንደማይሰጣቸው በጥሩ ቋንቋ ለለሜሳ አስረዱት። "ነገር ግን እናንተ ጠበኞች አትመስሉም" አሉ። "ሽማግሌ ይይዛችሁና ጨርሳችሁ ኑ።"

ሽማግሌያችን ሐጂ ከድር ሆኑ፤ ከብርቄ ሱቅ አጠገብ ጨርቅ የሚሸጡ፣ ነገር ሲለኩም እንደ ጨርቁ ክንድ ጨመር አድርገው የሚለኩ ሰው ናቸው። የሱቁ ጓዳ ውስጥ፣ በማር በርሜሎች መሃል አስቀመጡን።

"ለሜሳ፣ ምን ይቆረጥልህ?"

"ሐጂ፣ ገንዘብስ አትስጡኝ" አለ አንገቱን ደፍቶ። "ገንዘብ እጄ ከገባ መናኸሪያ እስክደርስ ድረስ የሰው ይሆናል። እኔ የፈለግኩት... እኔንጃ። ሰው ሆኜ የምበላበት ነገር ነው።"

ብርቄ ተነሳች። ጠዋት ከሁሩሙ የመጣ አንድ ጀሪካን ከፍታ ማንኪያ ነክራ ሰጠችው። "ቅመስ።"

ቀመሰ። ዓይኑን ጨፈነ። ቤቱ ውስጥ ንብ ቢኖር ሲበር ይሰማ ነበር። "ገተማ ነው" አለ፤ ነጩን ማር የሚሰጠው ዛፍ ማለቱ ነው። "ከላይኛው ጫካ። ጥሩ ማር ነበር። ስኳር አስገብተውበታል እንጂ። ብዙ አይደለም፤ አንድ ጣሳ ያህል።"

"እኔ ሦስቴ ቀምሼ ተጠራጥሬ ትቼው ነበር" አለች ብርቄ። "ሐጂ፣ እኔ ቀለብ አልቆርጥለትም። ደመወዝ እከፍለዋለሁ። ዛፍ ላይ የሚወጣው እግር ነው እንጂ ምላስ አይደለም።"

ሐጂ እጃቸውን አጨበጨቡ። የእርቁን ውልም እኔው ጻፍኩት። ክስ፣ መልስ፣ እርቅ፤ በአንድ መዝገብ ሦስቱንም የጻፈ ካለ ይምጣና እንተዋወቅ።

ከዚያ ወዲህ ለሜሳ የገበያ ቀን ሲሆን በሚኒባስ ሁሩሙ እየሄደ ማር ይመርጣል። ገበሬው ወደደው፤ አታላዩ ፈራው። መቱ ሲሆን ምሳውን እኛ ቤት ይበላል። መጀመሪያ አካባቢ ቀናሁ፤ አዎ፣ ቀናሁ፤ ባል ነኝ። ሁለቱ ስለ አበባና ስለ ጫካ ሲያወሩ እኔ የማውቀው አበባ ያው የፈረደበት የቡናው ነበር። ነገር ግን ለሜሳን ጠልቶ መዝለቅ ከባድ ሥራ ነው። የደረሰውን ሥጋ ቀስ ብሎ ወደ እኔ በኩል ይገፋና "ጋሼ ይብሉ፤ ክሱ ላይ የተጻፈውን ያህል ገና አልወፈሩም" ይለኛል። ምን ታደርጉታላችሁ?

በዓመቱ ለሜሳ አፍሮ አፍሮ መጣ። ሁሩሙ ገበያ ማር የምትሸጥ ጫልቱ የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት ልቡን ወስዳዋለች። ሽማግሌ ሁኑኝ አለን። ሐጂ ከድርና እኔ ተነሳን። ብርቄም ነጠላዋን አጣፍታ ተነሳች።

"አንቺ ደግሞ ወዴት?" አልኳት።

"ምስክር ሳትይዙ ልትሄዱ ነው?" አለችኝ።

የጫልቱ አጎት ቤት ደርሰን ተቀመጥን። አጎትየው ጢማቸው የነጣ፣ ቁጥብ ሰው ናቸው። ሐጂ ነገሩን በወጉ አቀረቡ። አጎትየው አዳምጠው ሲያበቁ ዓይናቸውን ብርቄ ላይ አሳረፉ።

"ለሽምግልና ሴት ስትመጣ አላየሁም። የልጁ እህት ነሽ?"

"የቀድሞ ሚስቱ ነኝ" አለች ብርቄ።

ሐጂ ሳል ያዛቸው። የእኔን ሳል ታውቁታላችሁ፤ የሐጂ ግን የእውነት ነበር።

"አሥራ አንድ ዓመት አብሬው ኖሬአለሁ" አለች እሷ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ። "እኔ ከማውቀው በላይ የሚያውቀው የለም። እጁን አያነሳም። አይሰክርም። አይዋሽም። የቤቱን ገንዘብ ግን እሷ ትያዝ።"

አጎትየው ጢማቸውን እያሹ አሰቡ። "ይኼን ያህል ጥሩ ሰው ከሆነ ለምን ፈታሽው?"

ጆሮዬ ቆመ። አራት ዓመት፣ አሁን አምስት ሆኖታል፣ አብሬአት ስኖር ይኼን ጥያቄ ደፍሬ አልጠየቅኳትም ነበር። ለሜሳም በር አጠገብ ምርኩዙን ጨብጦ መሬት መሬት ያያል።

"አንድ ጊዜ ወባ ጥሎኝ ነበር" አለች ብርቄ። "ሦስት ቀን እህል አልቀመስኩም። እሱ በገዛ እጁ ዶሮ አርዶ ሾርባ ሠራልኝ። ወደ እኔ ይዞት ሲመጣ መንገደኞች ደጃፍ ላይ አገኘ። ርቧቸዋል። ለአንዱ ቀዳ፣ ለሌላው ቀዳ። እኔ ጋ ሲደርስ ድስቱ ባዶ ነበር። ድስቱን እንደያዘ ቁጭ ብሎ አለቀሰ። እኔም አብሬው አለቀስኩ። ይቅርም አልኩት። ግን አባቴ፣ እሱ የሀገር ሁሉ ነው። እኔ ደግሞ አንድ፣ ትንሽም ቢሆን፣ የእኔ ብቻ የሆነ ሰው ፈለግኩ።"

ከጓዳ የጫልቱ ሳቅ ተሰማ፤ ቀጥሎም ድምፅዋ። "አጎቴ፣ ግድ የለም! ድስቱን እኔ እቆልፍበታለሁ!"

ያን ጊዜ ቁጥቡ ሰውዬ ሳይቀሩ ሳቁ፤ ነገሩም ያለቀ ያህል ሆነ። እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ከጠረጉ በኋላ፣ እስካሁን እዚያ መኖሬን ገና ያዩ ይመስል፣ በጣታቸው ወደ እኔ አመለከቱ።

"ይኼኛውስ ማነው?"

ጉሮሮዬን ጠረግኩ። ማዕረጌን፣ ሙያዬን፣ የአገልግሎት ዘመኔን ላቀርብ ተዘጋጀሁ። ብርቄ ቀደመችኝ።

"ይኼ? ይኼ የኔ ነው።"

ዕድሜዬን በፍርድ ቤት አጥር ሥር ስኖር ብዙ ውሳኔ ሲነበብ ሰምቻለሁ፤ ይኼን ያህል ያጠረ ግን አልገጠመኝም። ይግባኝ አልጠየቅኩም።